ሰንደል፣ ኮኮናትና የወይራ ጭስ

“ቅቤ ተቀብተሽ ነው እንዴ የመጣሽው?” አሉኝ እቴቴ፣ አንገቴን አቅፈው እየሳሙኝ።

ቅቤ አልተቀባሁም። የተቀባሁት እህቴ ከዱባይ የላከችልኝን ሽቶ ነው። የሰንደል እንጨትና የኮኮናት ሽቶ። ካርቶኑ ላይ ቅቤ የሚል ነገር አልተጻፈም። የሚሸጡትም ሰዎች ሲያወድሱት ቅቤን አያነሱም። እቴቴ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ወተት ሲንጡ የኖሩ የመንዝ ሴት ናቸው። ቅቤ አሽትተው ላሟ ምን ስትግጥ እንደከረመች ይናገራሉ። እንዲህ ያለ አፍንጫ ዝም ብሎ አይናገርም ብዬ ስለማምን ጥያቄያቸው ውስጤ ቀረ። አዳር ሲመጣ፣ ሥራ ላይ ስሆን፣ ሽቶውን ባነሳሁ ቁጥር ይመጣብኛል።

## ብርድ ላይ የሚተኛ ሽቶ

ሽቶው የደረሰኝ ኅዳር ውስጥ ነው፣ ደብረ ብርሃን ውርጭ በሚጥልበት ሰሞን። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ ሰው ሲያወራ ትንፋሹ ይታያል። በዚያ አየር ውስጥ አንገቴና የእጄ አንጓ ላይ ነፋሁት።

መጀመሪያ የመጣው ሄል ነው። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ሄል፣ ግን ሳሳ ያለ። እሱ ቶሎ ሄደ። ቀጥሎ ደረቅ እንጨት መጣ። እርሳስ ሲቀረጽ እንደሚወጣው ሽታ ያለ ነው፤ ብቻ ከሱ ይለሰልሳል፣ አፍንጫ አይኮሰኩስም። ከዚያ ኮኮናቱን ጠበቅሁ። አልመጣም። ቢሮ ገብቼ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ እጄን ወደ አፍንጫዬ ባስጠጋ፣ ጭል ጭል የሚል እንጨት ብቻ ነው ያለው። ራቅ ሳደርገው እሱም የለም።

እህቴ ጋ ደወልኩ። “እኔ ጋ እኮ ክፍሉን ነው የሚሞላው!” አለችኝ። “ገና ስነፋው ወተት ወተት፣ ኮኮናት ኮኮናት ይላል። ሊፍት ውስጥ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል።” እሷም እኔም ያለን ያው አንድ ዓይነት ጠርሙስ ነው፣ ከአንድ ሱቅ የተገዛ።

ልዩነቱ የአየሩ ነው። ሽታ ማለት ከቆዳ ተነስቶ አፍንጫ ውስጥ የሚገባ ተን ነው። ሙቀት ያነሳዋል፣ ብርድ ያስተኛዋል። ሎሚና ብርቱካን የመሳሰሉት ቀላል ስለሆኑ ብርድም ላይ ይነሳሉ፤ ሰንደል ግን ከባድ ነው። ዋናው የሽታው ንጥረ ነገር ሳንታሎል ይባላል። 15 የካርቦን አተሞች የተሸከመ ትልቅ ሞለኪውል ነውና በቀላሉ አይተንም። ያው ክብደቱ ደግሞ በጎም ነገር አለው፤ ሌላው ሁሉ ከሄደ በኋላ እሱ ይቆያል። በዚያ ላይ የደብረ ብርሃን አየር ደረቅ ነው። ቆዳችን ይነጣል፣ ይሰነጣጠቃል። ደረቅ ቆዳ ሽቶ አይዝም።

ስለ ሽቶ ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈውን ሳነብ ሁሌ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። “ስምንት ሰዓት ይቆያል”፣ “በጣም ይጮኻል” ይላሉ። የት? ማን ላይ? ውርጭ ላይ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ላይ ነው ወይስ ሙቀት ያለበት ከተማ ውስጥ? ስለ ሽቶ ለኛ ብርድ ታስቦ ሲጻፍ አይቼ አላውቅም።

## ጣርማ በርን ስንወርድ

እቴቴ ከመንዝ ወርደው ሸዋ ሮቢት ልጃቸው ጋ መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል። ጉልበታቸው ብርዱን እንቢ ስላለ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ እሄድና እጠይቃቸዋለሁ። የዚያን ቀን ሽቶውን ሹራቤ ስር ደረቴ ላይና የሱፍ ሻርፔ ጫፍ ላይ ነፍቼ ማለዳ ሚኒባስ ያዝኩ።

እስከ ጣርማ በር ድረስ ሽቶው ዝም አለ። መስኮቱ ዝግ ነው፣ ሰዉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቧል፣ ውጭው ጉም ነው። ከዚያ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ጀመርን። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስታችሁ፣ ሰዓቱ ብዙም ሳይሄድ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛላችሁ። ደብረ ሲና ላይ ጋቢ ይወልቃል። አርማንያ ላይ መስኮት ይከፈታል። ሸዋ ሮቢት ላይ ሹራብ ክንድ ላይ ነው።

ሽቶው የተነሳው ደብረ ሲና ላይ፣ ሰው ለማውረድ ስንቆም ነው። ከሻርፔ ስር አንድ ለስላሳ ነገር ሸተተኝ። ኮኮናት! ያ ኬክ ላይ የሚነሰነሰው ደረቁ አልነበረም። ገና ሲፋቅ የሚወጣው፣ ነጩ፣ ቅባት ያለው። ስኳሩ ትንሽ ነው፤ ወተቱ ይበዛል። አርማንያን ስናልፍ እንጨቱም ተነሳ፣ ጠዋት ከማውቀው ደረቅነቱ ወጥቶ። ከወተቱ ጋር ስለተዋሃደ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። አንዴ እንጨቱን ያዝኩት ስል ወተት ይሆናል፣ ወተቱን ስከተል መጨረሻው እንጨት ነው። እህቴ የነገረችኝ ሽቶ ይሄ ነበር ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ለሳምንታት ጠርሙሱን ይዤ ስፈልገው የነበረው ቆላ ላይ ተገኘ።

እቴቴን ማንጎው ስር ማሾ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ ሳምኳቸው። አንገቴን አቅፈው ቶሎ አልለቀቁኝም። ሳሙኝ፣ አሸተቱኝ፣ መልሰው አሸተቱኝ። ያንን የጠየቁኝ ያኔ ነው።

“ኧረ ቅቤ አይደለም እቴቴ፣ ሽቶ ነው።”

“የምን ሽቶ?”

“የእንጨት ነው፣ ሰንደል። ኮኮናትም አለበት።”

ሰፌዱን አስቀመጡ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና የሻርፔን ጫፍ ሳብ አድርገው አፍንጫቸው ላይ ያዙት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆዩ። እኔም እንደ ተማሪ ውጤቴን እጠብቃለሁ።

“እንጨቱስ እንጨት ነው” አሉ በመጨረሻ። “ወተቱ ግን የላም ነው፣ ልጄ። ይሄ የታጠነ ቅል ነው የሚሸተው።”

የሚሉትን ቅል አውቀዋለሁ። መንዝ ቤታቸው ውስጥ የነበረ ትልቅ መናጫ ነው፤ አንገቱ ላይ ጠፍር የታሰረለት፣ ውስጡ በዕድሜ ብዛት የጠቆረ። ወተት ከመግባቱ በፊት በወይራ ይታጠናል። የወይራው ጭስ በቅሉ አፍ እንዲገባ ይደረግና ይከደናል። ጭሱ ውስጡ ይቆያል። እርጎው ሲገባበት የወይራውን ሽታ ይጠጣል። ተንጦ ተንጦ ቅቤው ሲወጣ ሁለቱንም ይዞ ነው የሚወጣው፣ እንጨቱንም ወተቱንም።

እንጨትና ወተት። እህቴ የከፈለችበት እኮ ይሄው ነው።

## ኮኮናቱ ከየት መጣ?

ደብረ ብርሃን ስመለስ ማንበብ ጀመርኩ። ሽቶ ውስጥ ያለው የኮኮናት ሽታ ብዙውን ጊዜ ከፍሬው የተጨመቀ አይደለም። ሽቶ ሠሪዎች የሚጠቀሙት ላክቶን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ነው። በጣም የታወቀው ጋማ-ኖናላክቶን ነው፤ ያን የኮኮናት ጠረን የሚሰጠው በዋናነት እሱ ነው። ዘመዱ ዴልታ-ዴካላክቶን ደግሞ ወደ ክሬም ያደላል፣ ኮክ ኮክም ይላል። ይህ ዴልታ-ዴካላክቶን እውነተኛው ኮኮናት ውስጥ አለ። የላም ቅቤ ውስጥም አለ።

እዚህ ጋ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ተነሳሁ። እቴቴ ላክቶን የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። ግን አንገቴ ላይ አግኝተውታል።

ቅቤ ሲሞቅ ላክቶኖቹ ይበዛሉ። ቅቤ ሲነጠር ከኮረሪማውና ከኮሰረቱ ስር የሚመጣው፣ ለብቻው ስም የሌለው ጣፋጭ ሽታ አንዱ ምንጩ እነሱ ናቸው። አናት ላይ የሚደረገውም ቅቤ ከዚያ አይርቅም። ለጋው ቅቤ መዳፍ ላይ ይደረጋል። መጀመሪያ ነጭና ድፍን ነው፤ ሲታሽ ጠርዙ ይለሰልስና ማብረቅረቅ ይጀምራል። ደርቆ የተወቀጠ አደስ ይጨመርበታል። ከዚያ መሐል አናት ላይ ይቀመጥና ሻሽ ይታሰርበታል። የቀረውን የሚሠራው የራስ ሙቀት ነው። ቀስ እያለ ይቀልጣል፣ በጆሮ ግንድ ይወርዳል፣ እየወረደ ይሸታል። መጀመሪያ አደሱ፣ ብርት የሚል ቅጠልነቱ። ቀጥሎ ወተቱ። መጨረሻ ላይ ትራስ ላይ የሚቀረው ወይራው ነው። ስለ ሽቶ የሚጽፉ ሰዎች መነሻ፣ ልብና መሠረት እያሉ የሚከፋፍሉት ቅደም ተከተል እናቶቻችን አናት ላይ ነበረ ማለት ነው።

## ታጠቢ የተባለ ሽታ

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር።

እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ውስጥ ቅቤ ተቀብታ የመጣች ልጅ ከኋላ ነበር የምትቀመጠው። መምህር ያስነሳት ነበር፣ ካልሆነም አጠገቧ ያለችው ትነሳባት ነበር። በተለይ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት። ቅዳሜ ቤታቸው ደርሰው ሲመጡ እናት ልጇን ቀብታ፣ ስንቋን ቋጥራ ትልካታለች። ልጅቷ እሑድ ማታ በዚያ ብርድ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በልብስ ሳሙና ጸጉሯን ታሻለች፣ ያንን ሽታ ለማስለቀቅ። የእናቷን እጅ ለማስለቀቅ ማለት ነው።

ያደረ ቅቤ እንደሚከረፋ አውቃለሁ። ሲበላሽ ቡቲሪክ አሲድ ይለቃል፣ ያንን ማንም አይወደውም። ግን ለጋው፣ አደስ የገባበትስ? እሱም አብሮ ነው የተወገዘው። ማንም ቀርቦ አላሸተተውም። “ቅቤ ቅቤ ትሸታለች” የሚለው ስድብ ነበር፣ ዛሬም ነው።

ይሄው ሽታ ደግሞ በወፍራም ጠርሙስ፣ ከባሕር ማዶ፣ በዶላር ሲመጣ ሰው አስቆሞ “ውይ፣ ሽቶሽ ምንድነው?” ይላል። ቢሮ ውስጥ ተጠይቄያለሁ። “የሰንደልና የኮኮናት ነው” ስል “ዋው” አሉኝ። አሁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ “ቅቤና ወይራ አሽትተሽ ታውቂያለሽ? እንደሱ ነው” እላለሁ። የሚደነግጥ አለ። አፍታ ቆይቶ ግን “እውነትሽን ነው፣ አያቴ ቤት…” ብሎ የሚጀምር ይበዛል።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ሽቶውን ለመጥላት አይደለም ይህን የምለው፤ በጣም እወደዋለሁ። የወደድኩበትን ምክንያት ግን አሁን በደንብ ለይቼ አውቀዋለሁ፣ እናም ያንን ምክንያት የሚያሳፍር ነገር ያደረጉብን ሰዎች ቅር ያሰኙኛል።

## ሰንደሉና ቀረጡ

ስለ እንጨቱም ትንሽ። የህንዱ ሰንደል ዛፍ ሥሩን አጠገቡ ካሉ ተክሎች ሥር ጋር አጣብቆ ከነሱ እየተመገበ የሚኖር ነው። ሽታው ያለው በግንዱ ልብና በሥሩ ላይ ነው፣ ያም ለመጎልመስ አሥርተ ዓመታት ይፈልጋል። ትዕግሥት የሌለው ገበያ ቀድሞ ስለሚቆርጠው ከዱር እየተመናመነ ነው። ዛሬ አውስትራሊያ ውስጥ በእርሻ ይለማል። ብዙ ሽቶ ውስጥ ያለው ግን ከላብራቶሪ የወጣ ነው፤ ጃቫኖልና ኢባኖል የሚባሉ አሉ። እኔ ጋ ያለውም ቢያንስ በከፊል እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ፣ ምክንያቱም አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከሽቶው ኮኮናቱን ብቻ ነው የምታሸተው፣ እንጨቱ ጨርሶ አይደርሳትም። ከነዚህ ሞለኪውሎች አንዳንዶቹን የማያሸት አፍንጫ እንዳለ የታወቀ ነው።

እዚሁ አገራችን የሰንደል ዘመድ አለ። ቀረጥ ነው። አንኮበር ቁልቁለት ላይ የሚበቅለው፣ ቆዳ ይለፋበት የነበረው ያ ቁጥቋጦ ከሰንደል ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። እሱም እንደ ሰንደል የጎረቤቱን ሥር ይጠባል። ኬንያና ታንዛኒያ ውስጥ ለዘይቱ ሲባል በድብቅ ከነሥሩ እየተነቀለ ብዙ ጠፍቷል። በፈረንጆች 2013 የኢትዮጵያውን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ቀረጥ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር በሚደረግበት የሳይተስ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ይህን የማነሳው ማንም ሄዶ እንዲቆርጠው ብዬ አይደለም። እንዲያውም አይነካብን። ግን ለማገዶና ለአጥር ብቻ የምናየው ዛፍ ምን እንደሆነ ማወቅ ደስ ይላል።

## ብርድ ላይ እንዴት ልቀባው

ደጋ ላላችሁ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። አንገት ላይ መንፋት ከንቱ ነው፣ ነፋሱ ይወስደዋል። መጀመሪያ ቆዳችሁን ሽታ በሌለው ቅባት አለስልሱት፤ ቫዝሊን ይበቃል። ከዚያ ደረት ላይ፣ ከሹራብ ስር። የሰውነት ሙቀት ቀስ ብሎ ያነሳውና በአንገትጌ በኩል ይወጣል። ደረጃ ስትወጡ፣ ስትቸኩሉ፣ ኮኮናቱ ብቅ ይላል። ቁጭ ስትሉ ተመልሶ ይተኛል። እኔ ይሄንን መምጣትና መሄዱን ከዱባዩ ጩኸት የበለጠ ወድጄዋለሁ።

ሱፍ ላይ ሌላ ታሪክ ነው። የመንዝ በግ ሱፍ ሽታ ይይዛል። ሻርፕ ላይ የነፋሁት በማግሥቱም አለ፤ ያኔ ግን ወተቱ ሄዷል፣ የቀረው ጥርት ያለ ሰንደል ነው። ነጠላ ላይ አታድርጉት፣ ቅባቱ ነጭ ጥጥ ላይ ምልክት ይተዋል። ቆላ ስትወርዱ ደግሞ አንድ ጊዜ መንፋት በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ያፍናል። አፍንጫ ቶሎ ስለሚለምድ እናንተ ጠፋ ስትሉ ሌላው እያሸተተው ነው። ስለዚህ ከመጨመራችሁ በፊት ሰው ጠይቁ።

ቡና ተፈልቶ ዕጣን ሲጨስ እንጨቱ ለዕጣኑ ቦታ ይለቃል። ወተቱ ብቻ ይቀራል። ለኔ ከሁሉም የሚያምረው ያኔ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ግን አስቀምጠዋለሁ። ማንም አልከለከለኝም፣ ከላምም የወጣ ነገር የለበትም። ነገር ግን በጾም ቀን ቤቱ ቅቤ ቅቤ ሲል ሆዴ ይላወሳል፣ ልቤም ይከፈላል። በዚያ ሰሞን የምቀባው ነገር እፈልጋለሁ፣ እዚህ የተሠራ። አደስን ሜዲትራኒያን ዳር ያሉ አገሮች ለሽቶ ዘይቱን ያወጡታል፤ እኛ ጋ በየጓሮው አለ። የወይራውንም ጭስ ለመያዝ የሚሞክር አላጋጠመኝም። ደብረ ብርሃን አካባቢ የአደስን ዘይት በእንፋሎት የሚያወጣ፣ ወይም ለመሞከር የሚፈልግ ሰው ካለ፣ አደሱን ለቅሜ፣ አድርቄ ማምጣት እችላለሁ። መሣሪያው ግን የለኝም።